ሱሪ የሌለው ሙሉ ልብስ፦ በጮቄ ሥር የልብስ ሱቅ እንዴት እንደ ከፈትሁ

በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር በምትገኘው የስናን ወረዳ ከተማ በረቡዕ ገበያ፣ የፈረንጅ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ ከፈትሁ። ከዚያ በፊት ደብረ ማርቆስ ውስጥ በሰው ሱቅ ስድስት ዓመት ተቀጥሬ ስሠራ፣ ከደጋው የሚመጡ ገበሬዎች አንድ ጃኬት ለመግዛት የቀን ሥራቸውን ትተውና የመኪና ከፍለው መጥተው፣ ልካቸውን አጥተው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ልብሱን እነርሱ ወዳሉበት ባደርሰው ይገዙኛል ብዬ አሰብሁ። ሐሳቤ ልክ የነበረው በከፊል ብቻ ነው።

መነሻዬ 110,000 ብር ነበር፤ 70,000ው ከእቁብ የደረሰኝ፣ ቀሪው ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) የተበደርሁት ነው። ንግድ ፈቃዱም ኪራዩም ብዙ አላስቸገረኝም። የተሳሳትሁት መርካቶ ላይ ነው። የዓባይን በረሃ አቋርጬ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ስደርስ ዓይኔ የደብረ ማርቆስ ዓይን ነበርና፣ የከተማ ወጣት ይሻማበት የነበረውን እግሩ ጠባብ ጅንስ 60፣ ሙሉ ልብስ ደግሞ 25 ገዝቼ ተመለስሁ። በሦስት ወር ውስጥ ከጅንሱ የተሸጠው 11 ብቻ ነበር። ዋጋው የከበዳቸው መስሎኝ ብቀንስም ለውጥ አላመጣም። ነገሩ የገባኝ፣ አንድ ጎረምሳ ከመጋረጃው ጀርባ ብዙ ታግሎ፣ ሱሪው ባቱ ላይ ተይዞበት ጓደኛውን «ና እስቲ ሳብልኝ» ብሎ በተጣራ ጊዜ ነው። ወገቡ ቁጥር 29 ነው፤ ባቱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ዳገት የወጣበትና የወረደበት በመሆኑ፣ ለዚያ ወገብ ተብሎ የተሰፋው እግር አያስገባውም። ሰፊ ዘንድ ወስጄ ባሳይም፣ ከውስጥ የተረፈው ጨርቅ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ ማጥበብ እንጂ ማስፋት እንደማይቻል ነገረኝ።

ከሙሉ ልብሱ የተማርሁት ግን ከዚህም ይበልጣል። የአካባቢያችን ገበሬ ኮት ይወዳል፤ ሆኖም ጭቃውና ጤዛው ረጅም ሱሪ ስለሚያበላሽ በሥራ ቀን የሚለብሰው ቁምጣ ነው፤ ኮቱን ከቁምጣው ጋር ለብሶ ጋቢውን ከላይ ይደርብበታል። አንድ ሽማግሌ ኮት ሲመርጡ ቆሜ አየኋቸው። ስለ ቀለሙ አልጠየቁም፤ መስታወቱንም ዞር ብለው አላዩትም። እጃቸውን በውስጥ ኪሱ እስከ አንጓቸው ከትተው፣ ዳርና ዳሩን በጣታቸው ዳስሰው፣ «ልጄ፣ ኪሱስ ጥልቅ ነው፤ ቁልፍ የለውም እንጂ» አሉኝ። ቁልፍ አስተክዬ ባቆየው በሳምንቱ መጥተው ወሰዱት፤ ሱሪውን ግን «እሱን ለከተሜ ሽጭው» ብለው ተዉልኝ። ከዚያ ወዲህ ከሱቄ የሚወጣ ኮት ሁሉ የውስጥ ኪሱ ላይ ቁልፍ ይተከልለታል፤ ወጪውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ኮቶቹ እስከ ፋሲካ አለቁ፤ ሱሪዎቹ መደርደሪያው ላይ ቀሩ።

ሴቶቹ በራፉ ላይ ወንዶች ከቆሙ አይገቡም ነበር። መጋረጃውን በሚቆለፍ የእንጨት በር ተክቼ፣ በራፉ ላይ የነበረውን አግዳሚ ወንበር ካነሣሁ በኋላ ሹራብና ረጅም ጉርድ ቀሚስ ይሸጥልኝ ጀመር።

ልጆች ደግሞ ከብት ጠባቂዎች ስለሆኑ ገበያ አይመጡም። አንድ አባት ሁለት ቦታ የተቋጠረ የቃጫ ገመድ ይዞ መጣና «የመጀመሪያው ቋጠሮ ወገቡ ነው፤ ሁለተኛው ቁመቱ» አለኝ። ገመዱን ለክቼ የሰጠሁት ሱሪ ልክ ሆነ። በሚቀጥለው ረቡዕ ገመድ የያዙ አራት ሰዎች መጡ። የያንዳንዱን ልጅ ልክ በደብተር እመዘግብ ጀመር፤ በሁለተኛው ዓመት መርካቶ የገባሁት በዓይኔ ሳይሆን በዚያ ደብተር ነው።

ገንዘብ ያጠፋሁት በዱቤ ነው። በክረምት ብርዱ ሲጠና ሁሉም ጃኬት ይፈልጋል፤ በእጁ ግን ብር የለውም። በሰኔ የሰጠሁትን ዱቤ «ለመስቀል ክፈሉኝ» ብዬ ቀጠርሁና 9,000 ብር ያህል ቀረብኝ። ሰዎቹን ወቅሼ ነበር፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ በመስከረም ገብሱ ገና ማሳ ላይ ነው። አሁን እህሉ ተወቅቶ በሚሸጥበት በጥር ቀብድ ተቀብዬ፣ የሰርጉ ወቅት ሳያልፍ ጥቂት ጥቂት እያስከፈልሁ፣ ጃኬቱን በሰኔ አስረክባለሁ። ያኔ የደረጃ ሐ ግብር ከፋይ ስለነበርሁ ግብሬን የምከፍለው ከሐምሌ 1 እስከ 30 ነበር፤ ይህም ሱቁ ከዓመቱ ሁሉ የሚቀዘቅዝበት ወር ነው፤ የግብሩን ብርም እንደዚሁ ከጥር ጀምሬ ለይቼ ማስቀመጥ ነበረብኝ።

የቀሩትን የሙሉ ልብስ ሱሪዎች በመጨረሻ ከጉልበታቸው ላይ አስቆርጬ ቁምጣ አሰፋኋቸው፤ በሁለት የገበያ ቀን ተሸጡ። ያ የውስጥ ኪስ የዳሰሱት ሽማግሌም መጥተው አንዱን አነሡ፤ ጨርቁን ከለበሱት ኮት ጋር ለጥቀው ለረጅም ጊዜ አስተያዩትና፣ «ይኸን ቀድሞ የት ደብቀሽው ነው?» አሉኝ።