ፔስት ስፔሻል ለዋጋ ዝርዝር

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለህንፃ መሣሪያ ሱቆች የዋጋ ዝርዝር በኤክሴል እሠራለሁ። ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ የቧንቧ ዕቃ ሲደመር የአንዱ ሱቅ ብቻ ከ400 መስመር ያልፋል። ዋጋ በተቀየረ ቁጥር ይህን ሁሉ መልሶ መጻፍ የቀረልኝ ፔስት ስፔሻልን፣ ማለትም ኮፒ ያደረግሁትን እንዴት እንደሚለጠፍ የሚያስመርጠውን የኤክሴል ሳጥን፣ ስለለመድኩ ነው።

አቅራቢው ዋጋውን ያለ ቫት ከላከ፣ አንድ ባዶ ሴል ላይ 1.15 ጽፌ ኮፒ አደርጋለሁ። ቀጥሎ የዋጋውን ኮለም መርጬ ኮንትሮል፣ ኦልትና ቪን አንድ ላይ እጫናለሁ። ሳጥኑ ሲከፈት ቪ፣ ኤም፣ ኢንተር፤ አለቀ። 850 የነበረው 977.50 ይሆናል። የሚያባዛው ኤም ነው። ቪ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ ስለሚወስድ የሰንጠረዡ ቀለምና መስመር አይነካም፤ እሱን ከዘለልኩ የ1.15ቷ ሴል መልክ ኮለሙን ሁሉ ያለብሰዋል።

ክፋቱ፣ ማባዛቱ ዱካ አይተውም። ተዘንግቶ ሁለቴ ከተደረገ 977.50 ወደ 1,124.13 ያድጋል፣ ማንም አይነቃበትም። መሃል ላይ ባዶ ሴል ካለም 0 ይገባበታል፤ ዋጋው ያልታወቀው ዕቃ በነፃ ተሸጠ ማለት ነው። ስለዚህ ዋናውን ኮለም አልነካም፤ ጎኑ ላይ ቅጂ አውጥቼ እሱን አባዛለሁ፣ አናቱ ላይም «ቫት ያለው» ብዬ እጽፋለሁ።

ከቴሌግራም የመጣ ዝርዝር ሌላ ጣጣ አለው። «850 ብር» ተብሎ የተጻፈው ለኤክሴል ጽሑፍ ነው፤ ወደ ግራ ተጠግቶ ይቀመጣል፣ አይባዛም፣ አይደመርም። በኮንትሮል ኤች የመፈለጊያና የመተኪያ ሳጥኑን ከፍቼ ከላይ «ብር»ን ከፊቱ ካለው ክፍተት ጋር እጽፋለሁ፣ የታችኛውን ባዶ ትቼ ሪፕሌስ ኦል። ቁጥሮቹ ወደ ቀኝ ከሄዱ ሠርቷል።

ፊልተር ከፊሉን ረድፍ ደብቆ እያለ ፔስት አላደርግም። ኮፒ ሲደረግ የሚታየው ብቻ ይወሰዳል፣ ፔስት ሲደረግ ግን የተደበቁት ረድፎች ውስጥም ይገባል፤ የቆርቆሮ ዋጋ ምስማር ላይ ያርፋል። ፊልተሩን አንስቼ በዕቃ ዓይነት ሶርት አደርግና እለጥፋለሁ።

ቀን ላይ ደግሞ ኤክሴል የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። ጥቅምት 30 ለማለት 30/2/2017 ከገባ፣ በፈረንጁ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ ጎረቤቱ 5/2/2017 ግን ቀን ይሆናል። ሶርት ሲደረግ ሁለቱ ይለያዩና ዝርዝሩ ይተረማመሳል። ፔስት ከማድረጌ በፊት ኮለሙን ቴክስት አደርገዋለሁ፣ ዓመቱንም አስቀድሜ 2017-02-30 ብዬ እይዛለሁ። የስልክ ቁጥር ኮለምም እንዲሁ፤ አለበለዚያ የ09 ዜሮዋ ትበላለች።