በ7 ሳምንት ልንጨርስ አቅደን 12 ሳምንት የፈጀብን የሰፈር ሊግ

ኅዳር 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ ባለ የአፈር ሜዳ ላይ የኖራ ጣሳ ይዤ መስመር አሰምር ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ 25 ቀን ሆኖታል። የሰሜኑ ጦርነት ዓመት አልፎት አፋር ውስጥ ወዳለችው ሚሌ ተጠግቷል፤ በየሻይ ቤቱ ወሬው ሁሉ የግንባር ወሬ ነው። እኔ ደግሞ ከከዚራ፣ ከለገሃሬ፣ ከሳቢያን፣ ከገንደ ቆሬ፣ ከመጋላ፣ ከአፈተኢሳ፣ ከደቻቱና ከግሪክ ካምፕ የተውጣጡ 8 ቡድኖችን ላጫውት ተነሥቻለሁ። «አሁን የኳስ ጊዜ ነው?» ያሉኝ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም።

መልሴን ያገኘሁት ከአባቴ ነው። አባቴ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ አገራችን ሲካሄድ፣ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ዛየርና ሱዳን የተመደቡበትን ምድብ እዚሁ ድሬዳዋ ስታዲየም ገብቶ አይቷል። በኋላ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ በዓይኑ ሥር ነው የተጫወተችው። ከዚያ ዓመት ተመንፈቅ ሳይሞላ፣ ነሐሴ 1969፣ የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ሊይዝ ደጃፏ ደረሰ። አባቴ ያንን ጊዜ ሲያነሣ ስለ መድፉ ብዙ አያወራም። «ቅዳሜ መዋያ አጣን» ነው የሚለው። በ2014 የማስተምራቸውን ልጆች ሳይ ያ ንግግሩ ትዝ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ስልካቸው ላይ አፍጥጠው ማን እንደሞተ፣ የት እንደተያዘ የሚነገረውን፣ እውነቱንም ሐሰቱንም፣ ሲያነቡ ይውላሉ። ቢያንስ ቅዳሜና እሑድ የሚጠብቁት ሌላ ነገር እንዲኖራቸው ፈለግሁ።

አዋጁ ያለ ፈቃድ መሰብሰብን ይከለክል ስለነበር የመጀመሪያው ሥራ ማመልከቻ መጻፍ ሆነ። አንደኛው ማመልከቻዬ ስፖርት ለወጣቱ ስለሚሰጠው ጥቅም የሚተርክ አንድ ገጽ ተኩል ጽሑፍ ነበር፤ መልስ አላገኘም። በሁለተኛው ያንን ሁሉ ትቼ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሜዳውን፣ የየቡድኑን ኃላፊ ስልክና ተመልካቹ የሚበተንበትን ሰዓት በአንድ ሠንጠረዥ አስቀመጥኩ። በ4 ቀን ተፈቀደ። ፈቃድ የሚሰጥ ሰው በሥጋት ጊዜ ማወቅ የሚፈልገው ሕዝቡ ስንት ሰዓት ወደ ቤቱ እንደሚገባ ነው። ይህንን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ 2 ሳምንት አላባክንም ነበር።

8 ቡድኖች አንድ ጊዜ እርስ በርስ ሲገናኙ 28 ጨዋታ ይወጣል። ቅዳሜ ጠዋት 2፣ እሑድ ከሰዓት 2 ብለን ለ7 ሳምንት መደብነው። ዓርብ ጁምዓ ነው፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ነው፤ ድሬ ላይ ይህንን ሳያሰላ መርሐ ግብር የሚያወጣ ሰው ግማሽ ቡድን ነው የሚመጣለት። የጨዋታ አወጣጡ ቀላል ነው፦ አንዱን ቡድን በቦታው ታቆመዋለህ፣ ሌሎቹን 7 በዙሪያው በየሳምንቱ አንድ አንድ እርምጃ ታዞራቸዋለህ፣ ፊት ለፊት የተገናኙት ይጫወታሉ። የእኔ ስሕተት 7ቱን ሳምንት ያለ ምንም ክፍተት ማያያዜ ነበር።

ስሕተቱ በሁለተኛው ሳምንት ታየ። ቅዳሜ ጠዋት አንደኛው ቡድን በሜዳው ላይ ሲያሟሙቅ ሁለተኛው የለም። ሰዓቴን ይዤ በደንቡ መሠረት 15 ደቂቃ ጠበቅሁና ፎርፌ፣ 3 ለ 0 ብዬ መዘገብኩ። ከ1 ሰዓት በኋላ የቀረው ቡድን አምበል ላቡ በፊቱ እየወረደ መጣ። 4 ጓደኞቻቸው በዚያን ዕለት ጠዋት ወደ ማሠልጠኛ ሲሄዱ ሸኝተው ነው የዘገዩት። «መምህር፣ ሳንሰናበታቸው እንመጣ ነበር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ጨዋታው ይደገም ብዬ ብጠይቅ ተጋጣሚው እምቢ አለ፤ ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝና ላስገድደው አልቻልኩም።

በዚያው ሳምንት የቡድን ኃላፊዎችን ሰብስቤ ደንቡን ቀየርን። አንድ ቡድን ከአንድ ቀን በፊት ካሳወቀ አንድ ጨዋታ ማዘዋወር ይችላል። የዘመተ ልጅ በማንኛውም ጊዜ ይተካል፤ ተተኪው ግን ከሌላ ቡድን መምጣት የለበትም፣ አለበለዚያ ጠንካራው ደካማውን ይበላዋል። በዓለም አቀፉ የጨዋታ ሕግ 7 ተጫዋች ያለው ቡድን መጫወት ስለሚችል፣ 11 አልሞላንም ብሎ መቅረት ቀረ። አንድ ቡድን በ8 ልጆች ገብቶ 5 ለ 0 ተሸነፈና ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበለት። እንደዚህ የተጨበጨበለት አሸናፊ በዚያ ዓመት አላየሁም።

የተጫዋቾች መዝገብ አንድ ትልቅ ደብተር ነበር፤ ለየቡድኑ 22 ስም። አንድ ልጅ ሲዘምት ስሙን በማስመሪያ በቀይ እስክሪብቶ እሰርዝና ተተኪውን መጨረሻ ላይ እጽፋለሁ። የአንድ አማካይ እናት ከሜዳው ዳር ሻይና ሳምቡሳ ይሸጣሉ። አንድ ጠዋት ደብተሩን ክፍት አድርጌ እሳቸው አግዳሚ ላይ ትቼ ኳስ ልነፋ ሄድኩ። ስመለስ የሻዩን ብርጭቆ ማጠብ ትተው፣ እጃቸው እንደረጠበ፣ ጣታቸውን ከ9ኛው መስመር በላይ አንሥተው ይዘዋል። ወረቀቱ እንዳይርስ ነው ያልነኩት።

«ልጄን ለምን ሰረዝከው?»

«ለተተኪው ቦታ ለመስጠት ነው፣ እትዬ።»

«ቦታውን ስጠው። አትሰርዘው።»

ያን ማታ አዲስ ደብተር ገዝቼ የ8ቱንም ቡድን ዝርዝር እንደ አዲስ ጻፍኩ። ከ9 ሥር 9ሀ ብዬ ተተኪውን አስገባሁ፤ የሄደው ልጅ ስም ሳይነካ ቀረ። ውድድሩ ሲያልቅ 13 «ሀ» ነበረን።

ከዚህ በላይ ያስጨነቀኝ ግን የሄዱት ልጆች ሳይሆኑ የቀረ አንድ ልጅ ነው። የአንዱ ቡድን በረኛ ከትግርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ድሬ ተወልዶ ያደገ ነው። በ2011 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ያነሣው የመቐለ 70 እንደርታ ደጋፊ ነበርና፣ በ2013 ፕሪምየር ሊጉ ለተወሰኑ ሳምንታት ወደ ከተማችን ሲመጣ የትግራይ 3 ክለቦች ሳይኖሩበት ማየት እንዴት እንደከበደው አጫውቶኛል። ከአዋጁ በኋላ ልምምድ አቆመ፤ መታወቂያ አሳይ እየተባለ መንገድ መውጣት ፈራ። ጓደኞቹ ተማክረው ቅዳሜ ቅዳሜ 5 ሆነው ከቤቱ እያመጡት፣ ሲያልቅም እየመለሱት ይጫወት ጀመር። ማንም አላዘዛቸውም።

በአራተኛው ሳምንት ከጎሉ ጀርባ የቆሙ ጥቂት ሰዎች በብሔሩ ይሰድቡት ጀመር። ለዚህ ከዳኛው ጋር አስቀድመን ተስማምተን ነበር፦ ፊሽካ ይነፋል፣ ኳሱ ይያዛል፣ ሁለቱም ቡድኖች መሀል ሜዳ ይቀመጣሉ፤ ስድቡ ካልቆመ የደጋፊው ቡድን ይሸነፋል። 21ዱ ልጆች አፈሩ ላይ ተቀመጡ። በረኛው ብቻ በጎሉ አፍ ጎንበስ ብሎ ጠጠር እየለቀመ ወደ ውጭ ይወረውር ነበር፤ እንዲቀመጥ ብጠራው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። እንዲህ 11 ደቂቃ አለፈ። በመጨረሻ የተጋጣሚው አምበል ተነሥቶ ወደ ገዛ ደጋፊዎቹ ሄደ። ምን እንዳላቸው አልሰማሁም፤ ሁለት ሰዎች ሜዳውን ትተው ወጡ፣ የቀሩት ዝም አሉ። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ይህ ደንብ ከውድድሩ በፊት በጽሑፍ ሰፍሮ 8ቱም ቡድኖች ባይፈርሙበት ኖሮ በዚያች ሰዓት ላስፈጽመው አልችልም ነበር፤ ሰው ከተቆጣ በኋላ ደንብ አይወጣም።

ከዚያ ወዲህ ያለው በፍጥነት ሄደ፣ የተጓተተውም ተጓተተ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪው የዘማች ሰብል ይሰብስብ ሲባል አንድ ሳምንት ዘለልን፤ ገና አንድ፣ ጥምቀት አንድ ወሰዱብን። የቀሩትን 2 ሳምንታት የተዘዋወሩ ጨዋታዎች በሏቸው። ኳስ ሁለት ጊዜ ገዛን፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ ተወድዶ ስለጠበቀን በ8 ቡድን አዋጣን። ጥር ላይ ዋልያዎቹ ለአፍሪካ ዋንጫ ካሜሩን ሄደው በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በአዘጋጇ 4 ለ 1 ተሸንፈው ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ሲለያዩ ልጆቹ በየሰፈሩ አብረው አዩ፤ ቅዳሜም ሜዳ ላይ ስለ ፍጹም ቅጣት ምቷ ሲከራከሩ አረፈዱ። ከ2 ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግንባር ሌላ ወሬ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

የመጨረሻው ጨዋታ እሑድ የካቲት 6 ተካሄደ። ከ2 ቀን በኋላ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጁን አነሣው። ሻምፒዮኑ 16 ነጥብ፣ ሁለተኛው 15 ነጥብ ነበራቸው። ሁለተኛ የወጣው ያ ፎርፌ የሰጠሁበት ቡድን ነው፤ ሻምፒዮኑም 3ቱን ነጥብ የወሰደው ቡድን። ዋንጫውን ስሰጥ የሁለተኛውን አምበል ዓይን ማየት አልቻልኩም። አሁን መርሐ ግብር ሳወጣ ከማንኛውም ነገር በፊት 2 ባዶ ሳምንት አስቀምጣለሁ።

የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው አዋጁ በታወጀ ልክ በዓመቱ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነበር። ከዘመቱት 13 ልጆች 2ቱ አልተመለሱም። ስማቸው በደብተሩ ላይ አለ፣ ተተኪዎቻቸውም ከሥራቸው። የሻይ ሻጯ ልጅ ተመልሷል። ጉልበቱ ስለማይታጠፍለት አይጫወትም፤ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ግን ከእኔ ቀድሞ ሜዳ ይደርሳል። የኖራውን ጣሳ ከእጄ ይቀበለኝና ከጎሉ ማዕዘን ይጀምራል፤ እግሩን እየጎተተም ቢሆን መስመሩ ከእኔ ይልቅ ቀጥ ይላል።