ሳኮን የፈረድንበት ምሽት

በሚያዝያ 2008 ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ጋቢያችንን ተከናንበን ኳስ በምናይበት ቤት፣ የሊቨርፑሉ ፈረንሳዊ ተከላካይ ማማዱ ሳኮ አበረታች መድኃኒት ወስዷል ሲባል «ድሮም ጠርጥሬው ነበር» ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። በናሙናው የተገኘው ሂጀናሚን የተባለ፣ ስብ ማቃጠያ ተብሎ በሚሸጥ እንክብል ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነው። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ይህ ንጥረ ነገር በተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ መካተቱ አልተረጋገጠም ብሎ በሐምሌ መጀመሪያ ነጻ ሲለቀው፣ ባዝል ላይ የተደረገው የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜም ሆነ በገዛ አገሩ የተዘጋጀው የአውሮፓ ዋንጫ አምልጠውታል። ለሊቨርፑልም ዳግመኛ አልተሰለፈም (በሥነ ሥርዓት ጉድለትም ተወቅሶ ነበር)። የዓለም ፀረ አበረታች መድኃኒት ኤጀንሲ ይቅርታ ጠይቆ ካሳ የከፈለው በ2013 ነው። ዜናውን ለዚያው ቤት ባለቤት ስነግረው፣ ሻዩን እየቀዳ፣ «ወንድሜ፣ የቱ ሳኮ?» አለኝ።