ከማሪዮን ስንመለስ

ዛሬ ከልጄ ጋር ከኦሃዮ ዋና ከተማ ከኮሎምበስ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል ነድተን የቀድሞውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የዋረን ሃርዲንግን ቤት ለማየት ማሪዮን ሄድን። ልጄ እስክትጠራኝ ድረስ በረንዳው ላይ ቆሜ ቀረሁ። እ.ኤ.አ. በ1920 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ሕዝቡ በባቡር እየመጣ ንግግሩን የሰማው እዚህ ነው። ከጓሮ ደግሞ ለጋዜጠኞች የተሠራች ትንሽ ቤት አለች።

እሱ ራሱ የጋዜጣ ሰው ነበር። በ1884 ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሊከስር የደረሰውን «ማሪዮን ስታር» በ300 ዶላር ገዛ። ባለቤቱ ፍሎረንስ አዟሪ ልጆቹን ይዛ ስርጭቱን መልክ ባታስይዝለት ኖሮ ጋዜጣው ያን ያህል ያድግ ነበር ብዬ አላምንም። ስሟ ከስሙ እኩል ሊነሳ ይገባል።

ኋይት ሀውስ ከገባ በኋላ እንኳ የማተሚያ ቤት ማስመሪያውን ከኪሱ አልለየም ነበር። ይህ ልቤን ነካው። አባቴ ማተሚያ ቤት ውስጥ የብረት ፊደል እየለቀመ የሚደረድር ፊደል ለቃሚ ነበር፤ በጥፍሮቹ ሥር የገባውን ጥቁር ቀለም ምንም ሳሙና አያስለቅቀውም ነበር።

የሃርዲንግን ጥፋት አልሸፍንም። ሰው መሾም አልቻለበትም፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ አልበርት ፎል በጉቦ ተፈርዶበት እስር ቤት ገብቷል። ነገር ግን ጦርነትን ተቃውሞ በመናገሩ አሥር ዓመት የተፈረደበትን የሶሻሊስቶቹን መሪ ዩጂን ዴብስን በ1921 የፈታው እሱ ነው፤ ፈትቶም በኋይት ሀውስ ተቀበለው። ለእኔ ይህ ከሁሉ ይበልጣል።

ስንመለስ ልጄ «አያቴ የለቀመው ጋዜጣ አለ?» አለችኝ። አንድ ቅጠል አለኝ፤ ማታ አውጥቼ አሳየኋት።