ከወይኑ ያልመጣ የሻጋታ ሽታ

ሦስተኛው ቀይ ወይን እስኪቀዳ ድረስ ቅምሻው ያለ እንከን እየሄደ ነበር። 14ቱ ጎብኚዎች በተዳፋቱ ላይ የተተከለውን ወይን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ የማብላያ ጋኖቹን አልፈው፣ በርሜሎቹ ከተደረደሩበት ምድር ቤት ወጥተው በመቅመሻ ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። አንደኛው ሜርሎ ከሚባለው የወይን ዓይነት፣ ሁለተኛው ከሦስት የወይን ዓይነቶች የተቀየጠ ነበር፤ ሁለቱም ተወደዱ። ሦስተኛው ሲቀርብ ግን አንዲት ጎብኚ ብርጭቆውን ወዝወዝ አድርጋ አሸተተችና መልሳ አስቀመጠችው። «ይቅርታ፣ ይሄኛው የራሰ ካርቶን ይሸታል» አለች።

አሳላፊዋ አልተከራከረችም፤ የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ደንብ እሱ ነውና። ብርጭቆውን ተቀብላ ራሷ አሸተተችው፤ እውነትም ይሸታል። ቡሹ ነው ብላ ሌላ ጠርሙስ ከፈተችና በአዲስ ብርጭቆ ቀዳች። ያው ነው። ወደ አራተኛው ወይን ተሻገረች። አራተኛው በሚጠመዘዝ ክዳን የታሸገ ስለሆነ ቡሽ የሚባል ነገር አልነካውም። እሱም ሸተተ። በዚህ ጊዜ መቅዳቱን አቁማ ዋና ጠማቂውን አስጠራች።

መደንገጧ ተገቢ ነበር። ወይን ጠጅ የራሰ ካርቶን፣ የሻገተ ምድር ቤት ወይም ዝናብ የመታው ውሻ ሲሸት ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ትሪክሎሮአኒሶል፣ ባለሙያዎቹ በአጭሩ ቲሲኤ የሚሉት ውህድ ነው። ለቡሽ ሽታ ዋናው ተጠያቂ መሆኑን የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 አሳትመዋል። የሚፈጠረው ሻጋታ ክሎሪን ያለባቸውን ውህዶች አግኝቶ ሲለውጣቸው ነው። ስለዚህ ቡሽ አንዱ መነሻ እንጂ ብቸኛው አይደለም፤ የጣሪያ ወራጅ፣ ፓሌት የሚባለው ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ፣ በርሜል፣ ካርቶን ሁሉ ሊያመነጩት ይችላሉ። በአየር ይጓዛል፣ ያገኘው ዕቃ ላይ ይለጠፋል። መጠኑም ለማመን የሚያስቸግር ነው፤ በ1 ሊትር ወይን ውስጥ ከ2 እስከ 5 ናኖግራም ካለ የሠለጠነ አፍንጫ ይለየዋል፤ ናኖግራም ደግሞ የግራም ቢሊዮንኛ ነው። ቡሽ ያልነካው ወይን ይህን ከሸተተ የሚጠረጠረው ምድር ቤቱ ራሱ ነው። ጣሪያው፣ ቱቦው፣ በርሜሉ ሁሉ ሊመረመር፣ የተበከለውም ወጥቶ ሊጣል ነው ማለት ነው።

ጠማቂው እንደመጡ ወይኑን አልቀመሱም። አፍንጫቸውን ወደ ጠርሙሱ አፍ አስጠጉ፤ ንጹሕ ነው። ቀጥለው ሜርሎ ከተጠጣባቸው ብርጭቆዎች አንዱን አንስተው፣ ከሦስተኛው ወይን አንድ ማንኪያ ያህል ጠብ አድርገው አለቀለቁና ደፉት፤ ከዚያው ጠርሙስም 50 ሚሊ ሊትር ቀዱበት። የጥቁር እንጆሪና የቁንዶ በርበሬ ሽታ ወጣ፤ የካርቶኑ ሽታ የለም። በመጨረሻ ምንም ያልተቀዳበት ብርጭቆ ከጠረጴዛው ጫፍ አነሱ፣ አፉን በመዳፋቸው ከድነው ለአፍታ ያዙት፣ ገለጥ አድርገው አሸተቱት። ባዶው ብርጭቆ የራሰ ካርቶን ይሸታል።

«እነዚህን ከየት አመጣሻቸው?»

«ከታች ነው፤ ከካርቶኑ ያወጣኋቸው» አለች።

አሳላፊዋ ጠርሙስ በለወጠች ቁጥር ብርጭቆም ለውጣ ነበር፤ የለወጠችበት ግን ከዚያው ክምችት የወጣ ነው። በእንዲህ ያለ ፍለጋ በአንድ ጊዜ መለወጥ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው። ወይ ጠርሙሱን፣ ወይ ብርጭቆውን። የጠርሙሱ አፍ ስለ ወይኑ ይናገራል፤ ንጹሕነቱ የታወቀ ብርጭቆ የአፉን ምስክርነት ያጸናል፤ ባዶው ብርጭቆ ደግሞ ስለ ራሱ ይናገራል። ሦስቱም አንድ ላይ ሁለት ደቂቃ አይፈጁም። ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ቢሆን ኖሮ መንገዱ ሌላ ነበር፤ ያ አየር ያጣ ወይን ምልክት ነው፤ ብዙ ጊዜ ብርጭቆውን ደጋግሞ በማዞር ወይም ወይኑን ወደ ሰፊ ዕቃ በመገልበጥ ይለቃል። የካርቶን ሽታ ግን በማዞር አይለቅም፤ እንዲያውም ከደቂቃ ወደ ደቂቃ ይጎላል።

ታዲያ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይኖች ለምን ተረፉ? ሦስተኛውና አራተኛው አንድ ዓይነት ወይን፣ ካቤርኔ ሶቪኞን፣ ሆነው አንዱ ከተዳፋቱ አናት፣ ሌላው ከግርጌው የተለቀሙ ናቸው። ጎን ለጎን እንዲነጻጸሩ ለእያንዳንዱ ሰው 2 ተጨማሪ ብርጭቆ፣ በድምሩ 28 ያስፈልጋል። በእጥበቱ አጠገብ ያለው መደርደሪያ ይህን ያህል አይዝም። ትርፎቹ ከበርሜሎቹ ክፍል በስተጀርባ ባለው መተላለፊያ፣ በካርቶን እንደታሸጉ ተቀምጠው ከርመዋል።

ቦታው ለምን ክፉ እንደሆነ ለመረዳት ቤቱ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያሻል። ዘመናዊ ጠማቂዎች ተዳፋትን የሚመርጡት ለመልክዓ ምድሩ ብቻ አይደለም። የተለቀመው ዘለላ በላይኛው ወለል ይገባል፤ እዚያ የማይረባው ተለይቶ ይወጣል፣ ፍሬው ከዘለላው አገዳ ይላቀቃል፤ ፍሬው በራሱ ክብደት ከሥር ወዳለው የማይዝግ ብረት ጋን ይወርዳል። ከጋኑም ወይኑ እንደዚሁ ቁልቁል ወደ በርሜሎቹ ይወርዳል። በፓምፕ ቢሳብ ግን ፓምፑ ፍሬውን ይጨፈልቃል፣ ዘሩንም ሊሰብረው ይችላል፤ ከተሰበረ ዘር የሚወጣው ታኒን፣ ማለትም አፍን የሚያኮማትረው ውህድ፣ መራራና ሻካራ ነው። በጋኑ ውስጥ ቀይ ወይን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ሲብላላ ልጣጩን ጋዙ እየገፋ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ስለዚህ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ጭማቂው ከሥር እየተቀዳ ይፈስበታል። ቀለሙና ታኒኑ ያለው ልጣጩ ላይ ነው፤ ደርቆ ከቆየ ደግሞ ኮምጣጤ የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ይሰፍሩበታል። በነገራችን ላይ ከጋኑ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ እንደ ወይኑ ቁልቁል ይወርዳል፤ በመብላላት ወቅት የታችኛው ወለል ማራገቢያና የጋዝ መለኪያ ሳይኖረው ጎብኚ ማስገባት ሰው መግደል ነው።

ከሁሉ በታች ያለው ክፍል ጀርባው ተራራው ውስጥ ገብቷል። ድንጋዩና አፈሩ ሙቀቱን ክረምት ከበጋ ከ13 እስከ 15 ዲግሪ፣ እርጥበቱንም 80 በመቶ አካባቢ ያቆዩታል። ለ225 ሊትር የኦክ በርሜል ከዚህ የሚሻል ቤት የለም። አየሩ ደረቅ ቢሆን ወይኑ በእንጨቱ ቀዳዳዎች እየተነነ በርሜሉ ይጎድል ነበር፤ የጎደለው ቦታ አየር ይይዛል፣ አየሩ ወይኑን ያበላሻል። ካርቶን ግን በዚያው እርጥበት ውሃ ይጠጣል። የብርጭቆዎቹ ካርቶን ሲነሳ ሥሩ ለስልሶ በጣት ይበሳ ነበር፤ ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር የተነካካው ጎኑ ላይ ግራጫ ነጠብጣብ ተዘርቷል። ብርጭቆዎቹ በየክፍላቸው አፋቸውን ደፍተው ስለተቀመጡ በውስጣቸው የታመቀው አየር የካርቶኑ አየር ነው። መስታወት እንደ እንጨት ሽታ ወደ ውስጡ አይመጥም፤ ላዩ ላይ የሚቀረው ስስ የውሃና የሳሙና ቅሪት ግን ሽታውን ይይዘዋል። ወይን ሲገባበት አልኮሉ ያላቅቀዋል፣ ማዞሩ ወደ አፍንጫ ያነሳዋል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው የቅሬታው ቁጥር ማነስ ነበር። ከ14ቱ ሰዎች ካርቶን ሸተተኝ ያለችው አንዷ ብቻ ናት። ሌሎቹ ወይኑን «ደብዘዝ ያለ ነው» ብለው ሊያልፉት ነበር። ይህም ምክንያት አለው፤ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት ቲሲኤ ራሱ ባይሸተትም እንኳ የአፍንጫን ሽታ ተቀባይ ሕዋሳት ሥራ ያፍናል። ሰው የሚያስተውለው የሻጋታን መምጣት ሳይሆን የፍሬ ሽታ መጥፋትን ነው። የአንድ ዓመት ልፋት በብርጭቆ ምክንያት ተራ ወይን ተብሎ ይቀራል፤ ይህን ያህል ሥራ በዚህ መንገድ ሲጠፋ ማየት ያማል።

የዚያን ዕለት የተደረገው ቀላል ነው። ለጎብኚዎቹ እውነቱ ተነገራቸው፣ 28ቱም ብርጭቆ ተነሳ፣ የቀድሞዎቹ ብርጭቆዎች በወይን ተለቃለቁ። በውሃ አይደለም፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑን ይተዋል፣ በብርጭቆው ሥር የሚቀረው ጠብታም ወይኑን ያቀጥነዋል። 10 ሚሊ ሊትር የሚሆን ወይን ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው እየተገላበጠ ለ4 እና ለ5 ሰው ይበቃል። በዚህ መሃል ጠርሙሶቹ ክፍሉ ውስጥ ቆይተው ወደ 21 ዲግሪ ሞቀው ነበር። በዚህ ሙቀት አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫን ይወጋል። ውሃና በረዶ እኩል በተቀላቀሉበት ባልዲ ውስጥ በየ2 ደቂቃው 1 ዲግሪ ያህል ስለሚወርዱ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ተነክረው ወደ 17 ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱ ካቤርኔዎች በትክክል የተቀመሱት፤ ጎን ለጎን መሆኑ ቢቀርም ተከታትለው። ከግርጌው የመጣው ቀደመ። እዚያ አፈሩ ጥልቅ ነው፣ ውሃ ይይዛል፣ ፍሬው ይተልቃል፤ ወይኑ ለስላሳ፣ ለምላስ የሚቀል ነው። የአናቱ አፈር ስስና ጠጠራማ ስለሆነ ፍሬው ትንሽ ነው። ትንሽ ፍሬ ከጭማቂው አንጻር ብዙ ልጣጭ አለው፤ ስለዚህ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ታኒኑ ድድንና ጉንጭን ያኮማትራል። ይህ ሁለተኛ ቢሆን ነው የሚሻለው፤ ቀድሞ ከተቀመሰ የግርጌው ወይን ውሃ ይመስላል። ቅሬታ ያቀረበችው ጎብኚ የአናቱን ስትቀምስ ከጠርሙሱ ግርጌ ስላለው ዝቃጭ ጠየቀች። ያ ከታኒንና ከቀለም የሚመጣ ጤናማ አተላ ነው፤ ጠርሙሱ ቀን ሙሉ ቆሞ ቢውልና ሳይናጥ ቢቀዳ ብርጭቆ ውስጥ አይገባም።

ስለ መተላለፊያው ስብሰባ ሲደረግ አንድ ሠራተኛ ግድግዳውንና መደርደሪያውን በበረኪና እንጠበው አለ። ሐሳቡ ከቅንነት የመጣ ቢሆንም ወይን በሚጠመቅበት ቤት ከዚህ የባሰ የለም። በረኪና ክሎሪን ያለበት ነው፤ ሻጋታው ቲሲኤ ለመሥራት የጎደለውን ማቀበል ይሆናል። ግድግዳው ክሎሪን በሌለው የማጠቢያ ዱቄት፣ በሶዲየም ፐርካርቦኔት፣ ታጠበ፣ በሲትሪክ አሲድ ውሃ ተለቀለቀ፣ እንጨት የነበረው መደርደሪያ ወጥቶ በማይዝግ ብረት ተተካ። ካርቶን ከበር እንዳይዘልቅ ተከለከለ። ብርጭቆዎቹም ሽታ በሌለው ጥቂት ሳሙናና በሙቅ ውሃ ታጥበው፣ በከሰል ማጣሪያ ባለፈ ውሃ ሁለት ጊዜ ተለቅልቀው፣ ክር በማይተው ጨርቅ ደርቀው፣ አፋቸው ወደ ላይ ሆኖ በላይኛው ወለል በተዘጋ ቁም ሣጥን ተቀመጡ። ቀለም ወይም ቫርኒሽ አዲስ የተቀባ ቁም ሣጥን ግን እንደ ካርቶኑ ያስቸግራል።

አሁን ቅምሻ ከመጀመሩ በፊት ከየ10ሩ ብርጭቆ አንዱ ባዶውን ይሸተታል። ጥርጣሬ ካለ 50 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይጨመርበትና ለ10 ደቂቃ ተከድኖ እንደገና ይሸተታል። የሚያሸትተው ሰው ከምድር ቤት የወጣ መሆን የለበትም፤ አፍንጫ በደቂቃዎች ውስጥ ሽታን ይለማመዳል፣ ታች ሲሠራ የዋለ ሰውም ሻጋታውን አይሰማውም። ምድር ቤቱን ለማጣራት ቤንቶናይት የተባለው የሸክላ ዱቄት በሳህን ተደርጎ በተለያየ ቦታ ለቀናት ተቀመጠና ወደ ላቦራቶሪ ተላከ፤ ዱቄቱ በአየር ያለውን ቲሲኤ ይይዛል። ከበርሜሎቹ አጠገብ የነበረው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ካርቶኖቹ ተቀምጠውበት ከነበረው የእንጨት ፓሌት ሥር የነበረው ግን ቲሲኤ ስላለበት፣ ፓሌቶቹ በሙሉ ወጥተው በፕላስቲክ ተተክተዋል።