የእንግዶቼ ፓስፖርት ጉግል ላይ የወጣ ጊዜ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ ፔንሲዮን አለኝ። ለጥምቀት ከተማችን እንዴት እንደምትሞላ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከተራ ሳይደርስ ገና ስልኬ ያብዳል፣ ሁሉም ክፍል ይፈልጋል። ስልክ ማንሳቱ ሲሰለቸኝ ዌብሳይት አሠራሁ።

ሥራው ቀላል ነበር። የድረ ገጽ ስም ገዛሁ፣ ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ቦታ (ሆስቲንግ) ተከራየሁ፣ የክፍሎቹን ፎቶ ሰጠሁ፤ በሳምንት አለቀ። ኤችቲቲፒኤስ የሚሉትን፣ በአንዳንድ ብሮውዘር ከአድራሻው ጎን ቁልፍ የሚያሳየውን ነገር፣ ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል አገልግሎት በነፃ ይሰጣል። ክፍያውም በክፍያ ድርጅቱ ገጽ ላይ ስለሚያልቅ የማንም ካርድ ቁጥር እኛ ጋ አይቀመጥም። ይህችን በደንብ አስበንባት ነበር፤ እስከ ዛሬም እኮራባታለሁ።

ያቺን ቁልፍ ሳይ ግን ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝ። «መረጃዎ በአስተማማኝ ሁኔታ ይጠበቃል» ብዬ ፊት ለፊት አስጻፍኩ።

ከዚያ በፊት ለቁጥጥር የመጡ አንድ ሰው «የእያንዳንዱን እንግዳ ፓስፖርት ኮፒ ያዙ» ብለውኝ ነበር። የት ይቀመጥ፣ ለስንት ጊዜ፣ ማን ይየው፣ አንድም ነገር አላሉም። እኔም አልጠየቅሁም። እንግዳው ገና ክፍል ሲይዝ የፓስፖርቱን ፎቶ እንዲልክ ፎርሙ ላይ አስጨመርኩ። ትልቁ ጥፋቴ ይህ ነው።

ታኅሣሥ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከአሜሪካ ተደወለ። ለጥምቀት ክፍል የያዙ እናት ናቸው።

«ልጄ፣ ስሜን ጉግል ላይ ብጽፈው ፓስፖርቴ ወጣ። ለእናንተ የላክሁት ነው።»

«ሊሆን አይችልም እትዬ፣ የእኛ ድረ ገጽ እኮ ቁልፍ አለው» አልኳቸው። ይህን መልሴን ባስታወስኩት ቁጥር ያንገበግበኛል። ሴትዮዋ ዓይናቸው ያየውን እየነገሩኝ እኔ ተከራከርኳቸው!

ስክሪንሾት ላኩልኝ። ፓስፖርቱ አበባ ባለው የጠረጴዛ ልብስ ላይ ተዘርግቷል። ገጹ እንዳይታጠፍ በአውራ ጣታቸው ይዘውታል። የትውልድ ቀናቸው፣ ቁጥሩ፣ ፊርማቸው፣ ሁሉም ይነበባል። ከሥሩ የሌላ እንግዳ ፓስፖርት ነበር። ከዚያ ሥር ደግሞ የሌላ። ስንቆጥር አርባ አንድ ሰው ሆነ።

እንዴት ሆነ? ቁልፏ የምትጠብቀው መንገዱን ብቻ ነው። ፎቶው ከስልካቸው ተነሥቶ ሰርቨሩ (ድረ ገጹ ያለበት ኮምፒውተር) ጋ እስኪደርስ መሐል ላይ የተቀመጠ ሰው አያነበውም። ከደረሰ በኋላ ግን በር በሌለው ጎተራ ውስጥ ነበር ያስቀመጥነው። የፎልደሩን አድራሻ የጻፈ ሰው ሁሉ ያለ ምንም ፓስወርድ የፋይሎቹ ዝርዝር ይመጣለታል። ፋይሎቹ የተሰየሙት ደግሞ በእንግዶቹ ስም ነው። ጉግል ገብቶ መዘገባቸው።

ሆስቲንጉን ያከራየኝ ድርጅት ጋ ደወልኩ። «ማመልከቻ ያስገቡ፣ ሰኞ እናየዋለን።» ሰኞ! የሰው ፓስፖርት ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ሰኞ! ድረ ገጹን የሠራው ልጅ «ጉግል እንዳይገባ የሚከለክል ፋይል እጨምራለሁ» አለኝ። እኔም ለሁለት ሰዓት ያህል ተረጋጋሁ። በኋላ ሳነብ ያ ፋይል፣ ሮቦትስ ቴክስት የሚባለው፣ «እባክህ አትግባ» የሚል ማስታወቂያ ብቻ ነው። ጨዋው ያከብረዋል፤ ሌባው ግን የት መፈለግ እንዳለበት ይማርበታል።

ሌሊቱን ፎቶዎቹን አጠፋን። የፍለጋ ውጤቱ ላይ ትናንሾቹ ምስሎች አሁንም ይታያሉ። የድረ ገጽ ባለቤቶች በሚጠቀሙበት የጉግል መሣሪያ፣ በሰርች ኮንሶል፣ እንዲነሡ ጠየቅን። ያ ጥያቄ የሚደብቀው ለ6 ወር ያህል ብቻ ስለሆነ ዋናው ፋይል ካልጠፋ ተመልሶ ይመጣል። እሑድ ጠዋት ተገላገልኩ ስል ልጁ ደወለ። ሳምንታዊው ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) እዚያው ክፍት ቦታ ላይ ተቀምጧል፤ አርባ አንዱም ፓስፖርት በአንድ ዚፕ ፋይል ታስሮ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ኮፒ ያዙ ያሉኝን ሰው አማከርኳቸው። «ዝም በይ፣ ስምሽ ይጠፋል» አሉኝ። ይህን ምክር ማንም እንዳይሰማ። ለሁሉም ጻፍኩ፦ ምን እንደወጣ፣ መቼ እንዳጠፋነው፣ ፓስፖርታቸውን ለሰጣቸው መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቁ። ሦስቱ ሰረዙ። አንድ ጀርመናዊ ግን አመሰገነኝ። በእነሱ ሕግ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ድርጅቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ አለበት አለኝ። እኛም ጋ አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከማሠራቴ በፊት አንድ ሰው «አንብቢው» ቢለኝ ኖሮ!

አሁን ፎርሙ ስም፣ ስልክና የመምጫ ቀን ብቻ ይጠይቃል። ያልሰበሰባችሁት ነገር አይሰረቅባችሁም። ፓስወርድ በየወሩ ቀይሩ የሚለውን ምክር ትቼዋለሁ፤ ሠራተኞቼ መጨረሻዋ ላይ ቁጥር እየጨመሩ ወረቀት ላይ ይጽፏት ነበር። አንድ ረጅም ፓስወርድና በስልክ የሚመጣ ማረጋገጫ ኮድ ይሻላል። ፓስፖርት በቴሌግራም መላላክም ከልክያለሁ፤ ፎቶው በየሠራተኛው ስልክ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ድረ ገጽ ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ጉግል ላይ «ሳይት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል (site)፣ ከዚያ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ (:)፣ ከዚያ የድረ ገጻችሁን አድራሻ ያለ ክፍት ቦታ አያይዛችሁ ጻፉና የሚወጣውን እስከ መጨረሻው እዩ። እኔ ያን ባደርግ ኖሮ ከእንግዳዬ በፊት አየው ነበር።

እኚያ እናት ጥር 9 መጡ። አልሰረዙም። ሬሴፕሽን ላይ ፓስፖርታቸውን አወጡና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ስማቸውን አየሁ፣ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ጻፍኩና መለስኩላቸው።

«ፎቶ አታነሽውም?» አሉኝ።

«አላነሣውም እትዬ።»

ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ዚፑን ዘጉ።