ውድ የሞተር ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር ዋጋውን ይመልሳል? ለሰሜን ሸዋ መንገድ የሚሆን ስሌት

የሞተር ዘይት ስትገዙ የሊትሩን ዋጋ ሳይሆን የአንድ ኪሎ ሜትሩን ዋጋ አስሉ። የዘይቱ፣ የፊልትሮውና የእጅ ዋጋ ይደመርና እስከሚቀጥለው ቅያሪ ለሚነዳው ኪሎ ሜትር ይካፈላል። ገበያው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ከታች ያሉት የብር ቁጥሮች ለማሳያ ብቻ ናቸው፤ የሰሞኑን ዋጋ ተኩበት።

6 ሊትር የሚወስድ የናፍጣ ሚኒባስ እንያዝ። ተራው ሚኒራል (ከድፍድፍ ነዳጅ የሚጣራው) ዘይት በሊትር 700 ብር፣ ሙሉ ሲንተቲኩ (በፋብሪካ በኬሚካል የሚቀመመው) 1,700 ብር፣ ፊልትሮና የእጅ ዋጋ 900 ብር ነው እንበል። በተራው ዘይት አንድ ሰርቪስ 5,100 ብር ይወስዳል፤ በ5,000 ኪሎ ሜትር ከተቀየረ ኪሎ ሜትሩ 1 ብር ከ2 ሳንቲም ይመጣል። በሲንተቲኩ 11,100 ብር ይወጣል፤ እሱንም በ5,000 ከቀየራችሁት ኪሎ ሜትሩ 2 ብር ከ22 ሳንቲም ነው። ሁለቱ የሚተካከሉት ሲንተቲኩ 10,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ ነው። ከፊል ሲንተቲክ (የሁለቱ ድብልቅ) በ1,050 ብር ቢገኝ ደግሞ 7,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ መሄድ አለበት።

ታዲያ እኛ ጋ 10,900 ይሄዳል ወይ? ለአብዛኛው የሰሜን ሸዋ የናፍጣ መኪና አይሄድም ባይ ነኝ። ሲንተቲክ ሙቀት ይችላል፣ ቶሎ አይወፍርም፣ በብርድ ፈጥኖ ይፈስሳል፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ጥቀርሻውን፣ አቧራውንና ወደ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) የወረደውን ነዳጅ ግን ከውስጡ አያስወጣም። በዚህ አካባቢ ዘይት የሚበላሸው ደግሞ በአብዛኛው በነዚህ ነው።

ከጥቀርሻው እንጀምር። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ ሞተር የነዳጅ ፖምፓው ለዝቅተኛ ቦታ እንደተመጠነ ከሠራ ነዳጁ ከአየሩ ይበዛና በደንብ ሳይቃጠል ይቀራል። ጭነት ይዞ ጣርማ በርን ሲወጣ የሚተፋው ጥቁር ጭስ ይኸው ነው። ከዚያ ጥቀርሻ ከፊሉ በፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) አልፎ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ጥቀርሻውን በትኖ የሚይዝበት ኬሚካል የተወሰነ ነው፤ ሲያልቅ ጥቀርሻው ይጓጉላል፣ ዘይቱ ይወፍራል፣ ፊልትሮው ይደፈናል። ፊልትሮ ሲደፈን በውስጡ ያለው ማለፊያ ቫልቭ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ወደ ብሮንዚናው (ክራንኩ የሚሽከረከርበት ሽፋን) ይሄዳል። ውድ ዘይት ገዝቶ በርካሽ ፊልትሮ ኪሎ ሜትር ማራዘም ስለዚህ ትርፍ የለውም።

ኪሎ ሜትር ራሱም ያታልላል። የጫነ አይሱዙ ከሸዋ ሮቢት፣ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ በደብረ ሲና አድርጎ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው የጣርማ በር ዋሻ ሲወጣ ለረጅም ሰዓት በከባድ ማርሽ ነው የሚጎተተው። በአማካይ በሰዓት 40 የሚሄድ መኪና 5,000 ኪሎ ሜትርን በ125 ሰዓት ይጨርሳል፤ በአማካይ 20 የሚሄደው በዚያው 125 ሰዓት 2,500 ብቻ ይነዳል። የሞተሩ ድካም ግን ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ዳገት የሚበዛበት መስመር ላይ የምትሠሩ ከሆነ ቅያሪውን በሰዓት ቁጠሩት።

ብርዱን በተመለከተ ብዙ ሰው ያለ አግባብ ይፈራል። 15ደብሊው-40 (15W-40) ዘይት በብርድ የሚፈተነው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሞተሩን ለማስነሳት፣ 25 ላይ ደግሞ በፓምፕ ለመገፋት ነው። የደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ እዚያ አይደርስም። የኋላው 40 (ዘይቱ ሲሞቅ ያለው ውፍረት) ለሸዋ ሮቢት ሙቀት ይበቃል። አምራቹ ሌላ ካላዘዘ ለነባር ናፍጣ ሞተር ከዚህ የተሻለ የሚያዋጣ ቁጥር አላይም። ብርዱ የሚጎዳው አጭር ጉዞ የሚያበዛውን ነው። ዘይቱ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ እርጥበትና ነዳጅ ውስጡ ይቀራል፤ የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍቱ ወተት የመሰለ አረፋ ታያላችሁ። ረዘም ያለ ጉዞ ከሄዳችሁ በኋላ ከጠፋ እርጥበት ነበር። ካልጠፋና የራዲያተሩ ውኃ የሚቀንስ ከሆነ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ይታይ።

ዋናው ጠላት አቧራ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ መንዝ ወይም መርሐቤቴ ገጠር በጠጠር መንገድ የሚመላለስ መኪና ከዘይቱ ዋጋ በፊት የአየር ፊልትሮውን ያስብ። ጎሚስታ ቤት በኮምፕሬሰር ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ያውም ተጠግቶ በኃይል ማስነፋት ወረቀቱን ይበሳዋል። መነፋት ካለበት ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በዝቅተኛ ግፊት፣ ራቅ አድርጎ ነው። ከዚያ ባትሪ ውስጡ አብርታችሁ ጨለማ ቦታ ዙሩት፤ የነጥብ ያህል ብርሃን ከታየ ይጣል። የጎማ ጠርዙን ነካኩት፤ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ወረቀቱ ደህና ቢሆንም አቧራ በጎን ያስገባል። በመጨረሻም ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ቱቦ ፈታችሁ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ቡናማ ከሆነ ፋሼታው (የቱቦው ማሰሪያ) ላልቷል ወይም ቱቦው ተሰንጥቋል፣ ሞተሩም አፈር እየበላ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ላይ ሲንተቲክ ማፍሰስ ገንዘብ መጣል ነው።

ሲንተቲክ የሚያዋጣው ማንን ነው? በአስፋልት ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ረጅም መንገድ የሚሄድ፣ ሞተሩ ዘይት የማይበላ፣ በተለይ ቱርቦ ያለው አዲስ መኪና። አምራቹ ሲንተቲክ ካዘዘማ ምርጫም የለም። በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ 1 ሊትር የሚጨመርበት አሮጌ ሞተር ግን ውዱን ዘይት በጭስ ያወጣዋል። ያን የዋጋ ልዩነት ደህና ፊልትሮ ግዙበት፣ ቅያሪውንም አሳጥሩት። ተራ ዘይት ስል ደረጃው የወረደ ማለቴ አይደለም። ለናፍጣ ሲአይ-4 (CI-4) ወይም ሲኬ-4 (CK-4)፣ ለቤንዚን ኤስኤን (SN) ወይም ኤስፒ (SP) የሚል ጽሑፍ ከጀርባው ፈልጉ። ሲኤፍ (CF) ብቻ የሚለው ጊዜው ያለፈበት ደረጃ ነው። ለሞተር ሳይክል ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚለውን ውሰዱ፤ አለዚያ ፍሪሲዮኑ ሊንሸራተት ይችላል።

ቅያሪውን ማራዘም የምትፈልጉ በጭፍን አታራዝሙ። በ5,000 ላይ ሞተሩ እንደሞቀ ከመለኪያው ዘንግ አንድ ጠብታ በቡና ማጣሪያ ወረቀት ላይ ጣሉ፤ ወረቀቱ ከታች ምንም እንዳይነካው ስኒ አፍ ላይ አስቀምጡትና አሳድሩት። ጥቁረቱ እየሳሳ ወደ ውጭ ከተሰራጨ ዘይቱ አሁንም ጥቀርሻውን በትኖ ይዟል። መሐሉ ጥቅጥቅ ብሎ ጠርዙ እንደተሰመረ ከቆመ አበቃለት፣ ቀይሩ። ከዳር ሰፊ ቅባታማ ቀለበት ከታየ ነዳጅ ገብቶበታል፤ ኢንጀክተሩ ይፈተሽ። ደህና ከሆነ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ድገሙት። የናፍጣ ዘይት መጥቆር ብቻውን ምልክት አይሆንም፤ ከተቀየረ ብዙም ሳይቆይ ይጠቁራል። ወረቀቱ አቧራን እንደማያሳይም አስታውሱ፤ ለሱ ያው የነጩ ጨርቅ ፍተሻ ነው።

ሲቀየር ዘይቱ ሞቆ ይፍሰስ። የአዲሱን ፊልትሮ ጎማ ዘይት ቀቡት፣ አሮጌው ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን እዩ፣ ጎማው ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት ሩብ ዙር ያህል አጥብቁ። ከላይኛው ምልክት አታሳልፉ፤ የበዛ ዘይት በክራንኩ ተመትቶ አረፋ ይሆናል። ዘይቱን ስትገዙ የክዳኑ ማኅተም ያልተነካ መሆኑን አረጋግጡ፤ ባዶውን ጀሪካን ደግሞ ሌላ ዘይት ተሞልቶ እንዳይሸጥበት በስታችሁ ጣሉት።